ከልጆች ጋር በክረምት ካምፕና በውኃ ዳር በዓላት ላይ መሥራት፦ ጅማ ላይ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሰኔ ሲያልቅ ትምህርት ቤት ይዘጋል። የጅማ ልጅም ሁለት ሦስት ቀን ቤት ውስጥ ይቆይና ሜዳ ለሜዳ፣ ከዚያም ወንዝ ለወንዝ መዞር ይጀምራል። ሰፈሩ "ልጆቹን የሚይዝልን እንጣ?" ማለት የሚጀምረው ያን ጊዜ ነው። ለእረፍት የመጡ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ መምህራንና የሰንበት ትምህርት ቤት ወይም የመድረሳ ወጣቶች ተሰባስበው የቀን ካምፕ ያዘጋጃሉ። ከታች ያሉት ለዚህ ሥራ አዲስ የሆኑ ወጣቶች በየዓመቱ የሚጠይቁን ናቸው።

ክረምት እኮ ዝናብ ነው። ሜዳ ላይ ምን ይሠራል?

ልጆቹ የሚያርፉት በክረምት ስለሆነ ምርጫ የለንም። ጅማ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ የሚወርድባት ከተማ ናት፤ አብዛኛውም የሚዘንበው በእነዚሁ ወራት ነው። ግን ዝናቡ ጠባይ አለው። ብዙ ጊዜ ጠዋቱ ይከፈታል፣ ከሰዓት በኋላ ይጠቁራል። ስለዚህ ሩጫና ኳስ ከ2፡30 እስከ 5፡30 ባለው ጊዜ ይለቅ፤ ከምሳ በኋላ ወደ አዳራሽ ወይም ወደ መማሪያ ክፍል ግቡ።

አዳራሹ ውስጥ አንድ ችግር አለ፤ ሳይደርስበት የሚገምተው የለም። ጣሪያው ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ ከሆነ ዝናቡ ሲበረታ የራስህን ድምፅ አትሰማም። ተረት መሐል ላይ ይቋረጣል፣ ልጆቹ ይጮኻሉ፣ አንተም ትጮኻለህ፣ ማንም ማንንም አይሰማም። በመጀመሪያው ቀን የእጅ ምልክት አስተምሯቸው፦ እጅ ወደ ላይ ሲነሳ ሁሉም ቁጭ ይላል፣ ሁለት እጅ ሲነሳ ሁሉም ይሰለፋል። ለእንዲህ ያለው ሰዓት ገበጣ፣ ሥዕልና የወረቀት ሥራ ይቀመጥ፤ እንቆቅልሽና ተረት ዝናቡ ሲያባራ ይመለሳሉ።

ነጎድጓድ ከተሰማ ጨዋታው ያኔውኑ ይቆማል። ዛፍ ሥር መጠለል አይቻልም፤ ሜዳ መሐል መቆምም እንደዚያው። ከመጨረሻው ነጎድጓድ በኋላ 30 ደቂቃ ሳይሞላ ልጅ ወደ ሜዳ አይመለስም። "ጎል ልናገባ ስንል" ብለው ይለምኗችኋል፤ አትስሙ።

ስንት ዓመት የሆነው ሰው ነው መሥራት የሚችለው?

በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ዕድሜው 15 ያልሞላ ልጅ ተቀጥሮ መሥራት አይችልም፤ ከ15 እስከ 18 ያለው ደግሞ ወጣት ሠራተኛ ይባላል፣ በቀንም ከ7 ሰዓት በላይ አይሠራም። የእኛ ልማድ ከዚህ ጠበቅ ይላል። የ16 እና የ17 ዓመት ልጆች ለጨዋታና ለምግብ እደላ ጥሩ አጋዥ ናቸው፤ ልጆቹም ይወዷቸዋል። ነገር ግን ቡድን ብቻቸውን አይረከቡም፣ ውኃ ዳር ጠባቂ አይሆኑም። ኃላፊነት የሚወስደው 18 የሞላው ነው።

ክፍያ አለው?

አብዛኛው የክረምት በጎ ፈቃድ ነው። ምሳና የትራንስፖርት ይሰጣል፤ የምስክር ወረቀትም አለው። ደመወዝ ያለው ሥራ ሲገኝ ውሉ በጽሑፍ ይሁን።

ሥራው በትክክል ምንድን ነው? ማጫወት ነው?

ማጫወት ትንሹ ክፍል ነው። ዋናው ሥራ ማየትና መቁጠር ነው።

አዲስ አጋዥ መጥቶ ከልጆቹ ጋር ሲሯሯጥ፣ ሲዘፍን፣ ተሸክሟቸው ሲዞር ሁሉም ያደንቀዋል። በዚያ መሐል አጥሩን ተደግፎ የቆመ፣ ከማንም ጋር የማይጫወት የሚመስል ሌላ ሰው አለ። ያ ሰው 24 ልጆች እንዳሉ ያውቃል፤ ሽንት ቤት የሄዱት ሁለቱ አለመመለሳቸውን ያውቃል፤ ቀይ ሹራብ የለበሰችው ልጅ ከጠዋት ጀምሮ እንዳልተናገረችም አይቷል። እኔ ሁለቱ መጥተው አንዱን ምረጥ ብባል አጥሩን የተደገፈውን እወስዳለሁ።

ቆጠራው እንዲህ ነው፦ ሲመጡ፣ ከእያንዳንዱ ጨዋታ በኋላ፣ ከምግብ በፊት፣ ቦታ ስትለቁና ስትደርሱ። በዓይን ግምት አይሆንም፤ ራስ በራስ፣ በእጅ እየነካችሁ። አኩኩሉ ስታጫውቱ ደግሞ ድንበሩን ቀድማችሁ አሳዩ። "አልነጋም!" እያለ ከግቢ ወጥቶ ቡና ተክል ውስጥ የተደበቀ ልጅ ራሱን እንዳሸነፈ ይቆጥራል፤ እናንተ ግን ግማሽ ሰዓት ስትፈልጉት ትቆያላችሁ።

ለአንድ ሰው ስንት ልጅ?

ሜዳ ላይ ከ7 ዓመት በታች ለሆኑት 6፣ ከዚያ በላይ ለሆኑት እስከ 10። ውኃ አጠገብ ከ4 አይበልጥ። ከሁሉም በላይ ደግሞ አንድ ትልቅ ሰው ከአንድ ልጅ ጋር በተዘጋ ክፍል ብቻውን አይሆንም፤ ሁልጊዜ ሁለት ሰው፣ ወይም በሩ ክፍት። ይህ ልጁንም አጋዡንም ይጠብቃል። የሚከፋው አጋዥ ካለ ይከፋው።

ልጆቹን ወደ ውኃ መውሰድ ይቻላል?

ባሕር የለንም፤ ውኃ ግን ሞልቷል። ለዚህ ነው ይህ መልስ ከሌሎቹ የሚረዝመው።

በከተማው መሐል የሚያልፈው አዌቱ የከተማውን ፍሳሽ ይዞ ይወርዳል፤ በክረምት ደግሞ በአንድ ዝናብ ይሞላል። ልጅ እግሩን እንኳ እንዲነክር አናደርግም። የቦዬ ረግረግ ለወፍ ማየት ደስ የሚል ቦታ ነው፤ ከርቀት ሆናችሁ አሳዩአቸው፣ ግን ጉማሬ ስላለ ዳርቻው ላይ ልጅ አይለቀቅም። ጉማሬ ሰነፍ ይመስላል፤ ሰው ከሱና ከውኃው መሐል ከገባ ግን በሩጫ የሚያመልጠው የለም። የግልገል ጊቤ ሰው ሠራሽ ሐይቅ ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ ኃይል እያመነጨ ነው፤ የውኃው ከፍታ ስለሚለዋወጥ ትናንት ደረቅ የነበረው ዳርቻ ዛሬ ከላይ የደረቀ መስሎ ከሥር የሚውጥ ጭቃ ሊሆን ይችላል።

ከዚህ ሌላ ቢልሃርዚያ አለ። ትሉ ቀስ ብሎ በሚሄድ ወይም በቆመ ውኃ ውስጥ ባለ ቀንድ አውጣ አካል ውስጥ አድጎ ይወጣና በሰው ቆዳ ይገባል፤ መጠጣት አያስፈልግም፣ መንቦራጨቅ ይበቃል። ውኃው ጥርት ያለ መሆኑ ምንም ማረጋገጫ አይደለም። ወንዝ የገባ ልጅ ካለ ለወላጁ ንገሩ፤ ጤና ጣቢያ ተመርምሮ መድኃኒት ያገኛል።

ስለዚህ "ውኃ ዳር" ስንል ዳር ማለታችን ነው። ከውኃው ራቅ ብሎ ደረቁ ላይ ገመድ ይዘረጋል፤ ከገመዱ አልፎ የሚሄድ ልጅ የለም። ሁለት ሰው ሥራው ውኃውን ማየት ብቻ ይሆናል፤ ስልክ አይነካም፣ ምግብ አያድልም፣ በየ20 ደቂቃው ይቀያየራል።

ልጅ ውኃ ውስጥ ቢወድቅስ?

የሚሰምጥ ልጅ አይጮኽም። እጁንም አያውለበልብም። አፉ ከውኃው ጋር እኩል ሆኖ አንገቱን ወደኋላ ጥሎ ዝም ይላል፤ የሚጫወት ይመስላችኋል። ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ሊጠፋ ይችላል።

ዋና የማትችሉ ከሆነ አትግቡ። ብትችሉም ብቻችሁን አትግቡ፤ አንድ ልጅ ለማዳን ገብተው የቀሩ ብዙ ናቸው። ጮኻችሁ ሰው ጥሩ፣ በሆዳችሁ ተኝታችሁ ዱላ ወይም ነጠላ ዘርጉ፣ ካልደረሰ የሚንሳፈፍ ነገር ወርውሩ። እኛ ውኃ ዳር ስንወጣ ሁልጊዜ የምንይዘው ባዶ ባለ 20 ሊትር ቢጫ ጀሪካን ነው፤ ክዳኑ ጠብቆ ይዘጋል፣ እጀታው ላይ 15 ሜትር ያህል ገመድ ይታሰራል። ውስጡ ትንሽ ውኃ ይኑርበት፤ ጭራሽ ባዶው ሲወረወር ነፋስ ይወስደዋል። አንድ ቀን ቀድማችሁ መወርወር ተለማመዱ። የመጀመሪያው ውርወራ ሁሌም ወደ ጎን ይሄዳል።

ከወጣ በኋላ በእግሩ አንጠልጥሎ ማራገፍ፣ ሆዱን መጫን ይቅር። ይህ ሰፈር ውስጥ በጣም የተለመደ ነው፤ ጊዜ ከማባከኑም በላይ ያስመልሰውና ትውከቱ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። የማይተነፍስ ከሆነ አገጩን ቀና አድርጋችሁ መጀመሪያ በአፉ ትንፋሽ ስጡት፣ ከዚያ ደረቱ መሐል 30 ጊዜ መጫን፣ 2 ትንፋሽ፣ እያፈራረቃችሁ። አንድ ሰው ደግሞ ወዲያው የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጥራ ወይም መኪና ያስቁም። ቶሎ ነቅቶ ቢስቅ እንኳ ወደ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ወይም ቅርብ ወዳለው ሆስፒታል መሄድ አለበት። ይህን አንብቦ ማወቅ አይበቃም፤ የመጀመሪያ እርዳታ ሥልጠና ያልወሰደ ሰው ውኃ ዳር ኃላፊ አይሆንም።

ኢሬቻና ጥምቀት ላይ ልጆች ይዘን እንወጣለን። ምን እናድርግ?

ሁለቱም ውኃ ዳር የሚከበሩ፣ ሕዝብ ጎርፎ የሚወጣባቸው በዓላት ናቸው። ኢሬቻ ክረምቱ እንዳለፈ ነው፤ ሳሩ ረጥቧል፣ ዳርቻው ያንሸራትታል፣ ወንዙም ገና አልጎደለም። ጥር 11 ቀን ጥምቀተ ባሕሩ ዘንድ ደግሞ ጸበል ሲረጭ ሁሉም በአንዴ ወደፊት ይገፋል። ልጆቹን ከሕዝቡ ጠርዝ፣ መውጫው በሚታይበት በኩል አቁሙ። ፊት ለፊት ማየት የሚፈልግ ልጅ ያለቅሳል፤ ያልቅስ።

ሁሉም አንድ ዓይነት ቀለም ይልበሱ ወይም አንድ ዓይነት ጨርቅ ክንዳቸው ላይ ይታሰር። ስልክ ቁጥራችሁን እጅጌው ሥር ክንዱ ላይ በእስክሪብቶ ጻፉ። የልጁን ስም ግን ደረቱ ላይ አትለጥፉ፤ የማያውቀው ሰው በስሙ ሲጠራው ልጅ የሚያውቀው ይመስለዋል። እንደደረሳችሁ "ከጠፋችሁ እዚህ ዛፍ ሥር ቁሙ" ብላችሁ ዛፉን በእጃቸው አስነኳቸው። ጠፍቶ የተገኘ ልጅ ደግሞ አይመታም፣ አይቆጡትም። የተመታ ልጅ ሌላ ጊዜ ሲጠፋ ከእናንተም ይደበቃል።

ምግብ ምን ይዘጋጅ?

ከልምድ የምነግራችሁ፦ ሥጋ ከዝርዝሩ ይውጣ። ጅማ ውስጥ የሙስሊሙም የክርስቲያኑም ልጅ አንድ ማዕድ ላይ ይቀመጣል፤ የማን እጅ አረደው የሚለው ጥያቄ ግን አለ፣ መኖሩም ክፋት የለበትም። ሥጋ ካለ ሁለት ድስት፣ ሁለት ሰልፍ፣ ሁለት ዓይነት ልጅ ይፈጠራል። ሽሮ፣ ምስር፣ ድንች፣ ዳቦ፣ ሙዝና አቮካዶ ካለ ሁሉም አንድ ላይ ይበላል። አቮካዶ በዚህ ከተማ ሊያሳስብ አይገባም። ነሐሴ ላይ የበቆሎ እሸት ይደርሳል፤ እሱን ጠብሳችሁ ስትሰጡ ካምፑ ሁሉ ዝም ይላል።

ከነሐሴ 1 ጀምሮ ፍልሰታ ነው፤ ይህ ጾም የልጆች ጾም ነው ማለት ይቻላል። ቅዳሴ እስኪወጣ ውኃ እንኳ የማይቀምሱ የ8 እና የ9 ዓመት ልጆች አሉ፤ ለአጋዥ ደግሞ አይናገሩም። ጠዋት ሩጫ ላይ ፊቱ የገረጣ ልጅ ካያችሁ ቀስ ብላችሁ ለብቻው ጠይቁት፣ ነጥብ መዝጋቢ አድርጉት። በነዚያ ሁለት ሳምንታት ጩኮ አታምጡ፣ ቅቤ አለበት፤ ብስኩትም ወተት እንዳለው ጀርባውን አንብቡ። በሶ ያስኬዳል።

የመጠጥ ውኃ የፈላ ወይም በውኃ አጋር (በውኃ ማከሚያ ክሎሪን) የታከመ ይሁን። ከቤታቸው ኮዳ ይዘው ይምጡ፤ አንድ ኩባያ ለሰላሳ ልጅ ማለት አንድ ጉንፋን ለሰላሳ ልጅ ነው።

ኦሮምኛ አልችልም። ያስቸግራል?

ጨዋታው አያስቸግርም፤ ልጆች በአንድ ጠዋት ይግባባሉ። የደኅንነት ትእዛዝ ላይ ግን ያስቸግራል። "ኮቱ" ና፣ "ታኢ" ተቀመጥ፣ "ቢሻን" ውኃ ማለት መሆኑን የማያውቅ አጋዥ ከገጠር ቀበሌ ለመጡ ልጆች ዋጋ የለውም። በአማርኛ ብቻ "ተመለስ!" እያለ የሚጮኸውን ልጁ እያየው ወደ ውኃው ሊሄድ ይችላል። ቡድን ሲከፋፈል ከሁለቱ አጋዦች አንዱ ኦሮምኛ ተናጋሪ ይሁን። ማታ ተረትና እንቆቅልሽ ሲነገር ደግሞ በአንዱ "ተረት ተረት"፣ በሌላው "ሂቦ" እያሰኛችሁ አፈራርቁ፤ ልጆቹ ከእናንተ ፈጥነው ይተረጉማሉ።

የማይታዘዝ ልጅ ቢኖር ቆንጠጥ ማድረግ አይቻልም?

አይቻልም። ጆሮ መጠምዘዝም፣ ማንበርከክም። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ልጅ በትምህርት ቤትም ሆነ በሌላ የልጆች ማሳደጊያ ተቋም ከአካላዊ ቅጣት የመጠበቅ መብት አለው። "እናቱ ምታልኝ ብላኛለች" የሚል አጋዥ በየዓመቱ አይጠፋም፤ እናትየዋ ብትፈቅድም እዚህ አይሠራም። የሚረብሽ ልጅ ብዙውን ጊዜ ሥራ ያጣ ልጅ ነው። ኳስ ተሸካሚ፣ ፊሽካ ነፊ፣ ሰልፍ አስያዥ አድርጉት። እሱም ካልሆነ ከጨዋታው ለአምስት ደቂቃ ወጥቶ አጠገባችሁ ይቀመጥ፤ ከዓይናችሁ ራቅ አድርጋችሁ ግን አትላኩት።

ልጅ በድንገት ወድቆ ቢንቀጠቀጥ?

የሚጥል በሽታ ያለበት ልጅ በየካምፑ ሊኖር ይችላል፤ ወላጅ ግን አፍሮ ቅጹ ላይ አይጽፈውም። ስለዚህ ሲመዘገቡ ቅጹን ብቻ አትመኑ፤ "ወድቆ ያውቃል?" ብላችሁ ለወላጁ ለብቻው በአፍ ጠይቁ።

ሲወድቅ ሁሉም ክብሪት ፍለጋ ይሮጣል። ክብሪት ጭሮ ማሽተት ምንም አይፈይድም፤ ሊያቃጥለው ብቻ ይችላል። ማንኪያ ወይም ጣት አፉ ውስጥ አይገባም፣ እጅ እግሩ አይያዝም። አካባቢውን አጽዱ፣ ራሱ ሥር ሹራብ አድርጉ፣ ሲረጋጋ በጎኑ አስተኙት፣ ሰዓት ያዙ። 5 ደቂቃ ካለፈ ወይም ሳይነቃ ደግሞ ከጀመረው በአስቸኳይ ሆስፒታል። ሌሎቹን ልጆች አንድ ሰው ወስዶ ወዲያ ያጫውታቸው፤ ልጁ ሲነቃ አርባ ዓይን ማየት የለበትም። ውኃ ዳር ስትሄዱ ይህ ልጅ አይቀርም፤ ለሱ ብቻ የተመደበ አንድ ሰው ይዞ ይሄዳል።

ጅሬን ለጉብኝት መሄድ እንፈልጋለን። በባጃጅ ይሆናል?

የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ከከተማው ጥቂት ኪሎ ሜትር ወጣ ብሎ ኮረብታው ላይ ነው። ልጆች ስለ ንጉሡ ቁመት ሲሰሙ ዓይናቸው ይፈጣል፤ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1878 እስከ 1932 እንደነገሡ ከምትነግሯቸው ከእሱ ብትጀምሩ ይሻላል። ባጃጅ የተፈቀደለት ለ3 ተሳፋሪ ነው፤ ስድስት ልጅ ጭኖ ያንን ዳገት በጭቃ መውጣት አይሆንም። አንድ አውቶቡስ ተኮናተሩ፣ ቦታው ለጎብኚ ክፍት መሆኑንም ቀድማችሁ አረጋግጡ። ምሳችሁን ጦጣ ከሚያይበት ቦታ አትፍቱ።

ፎቶ ማንሳት?

ወላጅ በጽሑፍ ከፈቀደ ብቻ። በግል ስልክ ተነስቶ ቲክቶክ ላይ የሚወጣ ፎቶ ፈጽሞ አይፈቀድም።

ውጭ አገር ባሕር ዳር ባሉ የልጆች ካምፖች መሥራት እንደሚቻል ሰማሁ። እውነት ነው?

እውነት ነው፣ ደላላው በሚያወራው መንገድ ግን አይደለም። ለምሳሌ አሜሪካ የካምፕ ሠራተኞችን የምትቀበልበት የጄ-1 ቪዛ ዘርፍ አለ፤ 18 ዓመት የሞላው መሆን አለበት፣ ቆይታው ከ4 ወር አይበልጥም፣ የሚኬደውም በአገሪቱ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት በታወቀ አስፈጻሚ ድርጅት በኩል ነው። "ሄደህ እዚያው ትቀራለህ" ብሎ ገንዘብ የሚጠይቃችሁን ሰው ተዉት።

የኛ ክረምት የነሱ በጋ ስለሆነ ሥራው ከሰኔ እስከ ነሐሴ ነው፤ የሚመለመለው ግን ወራት ቀድሞ ነው። እዚህ የሠራችሁበት ምስክር ወረቀትና የመጀመሪያ እርዳታ ሥልጠና ያን ጊዜ ይጠቅማል። ባሕሩን በተመለከተ ግን እዚህ ያላያችሁት ነገር አለ፦ ማዕበሉ ከተመለሰ በኋላ ውኃው በጠባብ መስመር ወደ ጥልቁ ይመለሳል፣ ጎበዝ ዋናተኛንም ይዞ ይሄዳል። በእሱ የተያዘ ሰው ወደ ዳር ፊት ለፊት መታገል የለበትም፤ ከዳርቻው ጋር ትይዩ ዋኝቶ ከመስመሩ ከወጣ በኋላ ይመለሳል። ከላይ ቀይ ከታች ቢጫ የሆነ ባንዲራ በተተከለበት መሐል የነፍስ አድን ጠባቂ አለ ማለት ነው፤ ልጆች የሚገቡት እዚያ ብቻ ነው። ሙሉ ቀይ ከሆነ ያን ቀን ማንም አይገባም።

ማታ ልጁን ለማን ነው የማስረክበው?

ቅጹ ላይ ስሙ ለተጻፈ ሰው ብቻ። "አጎቱ ነኝ" የሚል ሰው ቢመጣ፣ ልጁም ሮጦ ቢያቅፈው፣ ስሙ ከሌለ ወላጅ ጋ ተደውሎ በድምፅ ይረጋገጣል። ሰውየው ሊቆጣ ይችላል፤ "ጋሼ፣ ይቅርታ፣ ሕጉ ነው" ብላችሁ ወንበር ስጡት። ስልክ ካልተነሳ ልጁ ከሁለት አጋዦች ጋር ይቆያል። ስትረከቡም ስታስረክቡም ሰዓቱን ጻፉ፣ አስፈርሙ። ዝናብ ያገኘው ወላጅ ስለሚዘገይ ለ11 ሰዓት ቀጠሮ እስከ 12 ተኩል የሚቆዩ ሁለት ሰዎች ከጠዋቱ ይመደቡ፤ ትርፍ ሻማና ትንሽ ቆሎም ይኑራቸው።